የሰባተኛው ቀን ውሃ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሰው ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሦስት አገሮች ከአንድ ምንጭ ይጠጡ ነበር። የላይ አገር፣ የመሐል አገር፣ የታች አገር ይባላሉ። ንጉሣቸው ለየቅል፣ ውሃቸው አንድ። ቸነፈር ግማሹን ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ የተረፉት ተሰብስበው ተማማሉ፤ በየአሥራ ሁለት ዓመቱ እያንዳንዱ ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ጠጠር ያመጣል፣ የመስኖው ቀንም በጠጠሩ ልክ ይከፈላል ተባለ። ያን ጊዜ የሦስቱም ጠጠር አንድ ቁና አልሞላም። ሰው ይበዛል ብሎ ማን አስቦ።

ኋላማ ጠጠሩ በአህያ ይጫን ጀመር። ምንጩ ግን ያው የድሮው ምንጭ ነው።

በአባ ቢተው ጊዜ ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ ቀረ። አባ ቢተው የውሃ አባት ናቸው፤ ቦዩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እርሳቸው ነበሩ። በጠጠር ቢከፈል ከሁሉ ጥቂት ሰው ላለው ለመሐል አገር ግማሽ ቀን እንኳ አይደርስም ነበርና፣ ሽማግሌዎች ለሦስቱም በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ሰጡ። ሰባተኛው ቀን ተረፈ። ለሦስት እንዳይከፍሉት፣ የደረቀው ቦይ ጠጥቶት ማሳ ሳይደርስ ይቀራል። በየሳምንቱ ቢያፈራርቁት ለማንም አይበቃም። አባ ቢተው ለአንዱ ይስጡ ተባለ። ያገኘው አገር እህሉ ይደርስለታል፣ ያጣው ይሰደዳል።

የአባ ቢተው አንዲት ልጅ ጥሩወርቅ የተዳረችው ታች አገር ነው፤ ስድስት የልጅ ልጆች እዚያ አሏቸው። ልባቸው ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃሉና ራሳቸውን ፈሩት።

የየአገሩ ሰው ቀርቦ እንዲከራከር በተቀጠረበት ቀን መጀመሪያ የታች አገሩ አያ ጓንጉል ተነሳ፤ የአሥራ አንድ ልጆች አባት ነው። አያቶቹ ከቸነፈሩ በኋላ ባዶ የቀረውን ቤት አይተው፣ ዳግመኛ ይህ አገር ጠፍ አይሆንም ብለው ወለዱ፤ ረግረጉን አጠንፍፈው አረሱ። በክፉ ዘመን የሦስቱንም አገር ጎተራ የሞላው የእነሱ ክንድ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

«አባ፣ እኛ ዘጠኝ መቶ ቤት ነን» አለ። «የወለድነው ውሃ ለመንጠቅ አይደለም። የተወለደ ደግሞ ወደ ማሕፀን አይመለስም። ውሃው ብዙ ነፍስ ወዳለበት ይሂድ።»

ከመሐል አገር እትዬ ብርቄ መጡ፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ ያላገቡ ሴት ናቸው። ምንጩ እንደማይጨምር ቀድመው ያዩት የመሐል አገር ሰዎች ነበሩ። ከየቤቱ ሁለት ልጅ ብቻ እንዲያገባ፣ ሌላው ሳይወልድ እንዲኖር ቃል አሰሩ። በየቆጠራው ድርሻቸው ሲያንስም አላጉረመረሙም።

«የምወደው ሰው ነበረኝ» አሉ እትዬ ብርቄ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ታላቆቼ ስላገቡ ተራው አልደረሰኝም። እሱም መነኮሰ። ውሃው ለሁሉም ይብቃ ብዬ ቻልኩት። ዛሬ ጥቂት ናችሁ ተብለን ከተከለከልን፣ እኔ ለምን ሳልወልድ ቀረሁ?»

ባሻ ውብነህ የላይ አገር ሰው ነው። ምንጩ ከእነሱ መሬት ይፈልቃል፤ ሊዘጉት ይችሉ ነበር፣ አልዘጉትም። የታች አገር መሬት ሲጠብ ወጣቶቹ ወደ ላይ ተሰደዱ፤ ከመሐል አገርም መውለድ የፈለጉት ተደብቀው መጡ። የላይ አገር ሰው ከራሱ ማሳ እየቆረሰ አስቀመጣቸው።

«እኛ የናንተን ልጆች ነው ያስጠጋነው» አለ ባሻ። «ማሳችን ዛሬ ጓሮ አያክልም። ውሃው ካልመጣልን እንግዶቹን ወዴት እመልሳቸዋለሁ? እናንተ ትቀበሏቸዋላችሁ?»

አባ ቢተው ወደ ሦስቱ ቦዮች ሄደው ቆሙ። የሦስቱም አፍ በድንጋይ ተዘግቷል። ጥሩወርቅ ትንሹን ልጇን አዝላ ከታች አገር ሰዎች መሐል ታያቸዋለች። ሽማግሌው እንባቸው መጣ፣ አላፈሩበትም። ከዚያም ጎንበስ አሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የነገረን ሰው የለም። አንዱ ቦይ ሲከፈት ሁለቱ ይደርቃሉ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከወለደው፣ መውለድን ከተወውና የሌላውን ልጅ ካስጠጋው ውሃው ለማን ይገባል? እናንተ በአባ ቢተው ቦታ ብትሆኑ ድንጋዩን ከየትኛው ቦይ ላይ ታነሱ ነበር?