ዘርፌ በቋጥኙ በር ላይ

በአንድ ወቅት የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ጊዜያችሁን በከንቱ አልበላም፤ ጨርሳችሁ ስትነሡ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ካልተከራከራችሁ ጥፋቱ የእኔ ይሁን። ደም ይበዛበታል፤ ታገሡኝ።

በደብረ ብርሃን ከተማ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጋሩ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት ነበሩ። ታላቁ ወንድይፍራው የጽሑፍ ሰው ነው፤ ድንጋይ ያናግራል። መካከለኛው አስናቀ ሠዓሊ ነው፤ የሳለውን ጅብ አይቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ያልሳበ ሰው የለም። ታናሿ ትርሲት ኮድ ትጽፋለች። ኮድ ማለት ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፦ «ሰው ሲቀርብ ተናከስ» ብላችሁ ካልጻፋችሁለት፣ ያ የሚያስፈራ ጅብ እንደ ሐውልት ቆሞ ያያችኋል።

ሦስቱ ከሥራና ከትምህርት በተረፋቸው ሰዓት፣ ስለወደዱት ብቻ፣ ጌም ይሠሩ ነበር። ኳስ የሚለጉበትን ዓይነት አይደለም። አንድን ገጸ ባሕርይ ሆናችሁ የምትኖሩበትን፣ የምትዋጉበትን፣ ምርጫችሁ ታሪኩን የሚለውጥበትን ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰላም አልነበራቸውም። አንድ ቀን ወንድይፍራው «ታሪኬን ያበላሻል» ብሎ የአስናቀን ባለሁለት ራስ ጅብ ሰረዘው። አስናቀ ኪቦርዱን አንሥቶ አፉ ላይ አሳረፈበት። ወንድይፍራው አንገቱን አንቆ ግድግዳ ላይ አጣበቀው። ልትገላግል የገባችው ትርሲት ክርን ቀመሰች። አባታቸው ጋሽ ተክለወልድ በጩኸቱ ደንግጠው ሲገቡ ሦስቱም በደም ተለውሰዋል።

«ኧረ እናንተ ከይሲዎች! መገዳደል ካማራችሁ እዚያው ሳጥናችሁ ውስጥ ተገዳደሉ!»

እሳቸው በንዴት ተናገሩት፤ ልጆቹ ግን ሕግ አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሰርዝም። የሌላው ታሪክ ያልጣመው የራሱን ተዋጊ ልኮ እዚያው ጌሙ ውስጥ ይሟገት። የሞተም ሞተ። በሌሎች ጌሞች ሞታችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ አይደል? እዚህ የለም። ትርሲት እንዲህ አድርጋ ሠራችው፦ ገጸ ባሕርዩ እንደ ወደቀ ሞቱ ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ በኋላ እሷ ራሷም ልትመልሰው አትችልም። ጭካኔው ሁሉ ጌሙ ውስጥ ገባ፤ ቤቱም ሰላም ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን ወንድይፍራው ዘርፌን ጻፈ። አባ ሰንጥቅ የተባለ ጨካኝ ጦረኛ ወገኖቿን ከነቤታቸው ያቃጠለባት ሴት ናት። ንግግሯ አጭር ነው። «ማሪኝ» ላላት ወታደር «እናቴም እንዲህ ብላህ ነበር» ብላ አንገቱን ትቀላለች። አስናቀ ፊቷን ሳለ፤ ደጋግሞም ሳለ፤ ግንባሯ ላይ የእሳት ጠባሳ አኖረ። ትርሲት አካሄዷን ሠራች፤ በቀኝ እግሯ በጥቂቱ እንድታነክስ አደረገቻት። ሦስቱም ወደዷት። መጨረሻዋን የሚያውቀው ግን ወንድይፍራው ብቻ ነበር።

የመጨረሻውን ጦርነት ሊሞክሩ ተቀመጡ። ዘርፌ ብቻዋን በቋጥኙ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሕፃንና ሽማግሌ ይሸሻል፤ ከፊቷ የአባ ሰንጥቅ ጦር ይጎርፋል። የመጀመሪያውን ሰነጠቀችው። የሁለተኛውን ሆድ ዘረገፈችው። ሬሳው በሩ ሥር ተከመረ፤ ደሙ በድንጋዩ ላይ እያንሸራተታት ሬሳውን ረግጣ ተዋጋች። ከዚያ ጦር ትከሻዋን በሳት። መጥረቢያ ግራ እጇን ከክርኗ ቆረጠው። ሕይወቷን የሚያሳየው ቀይ መስመር እያጠረ ሄደ።

«ወንዴ፣ ልትሞት ነው እንዴ?» አለ አስናቀ።

«ለዚህ ነው የጻፍኳት። እሷ ካልሞተች የሸሹት ሰዎች መቼም ለመዋጋት አይነሡም።»

«አትሞትም!»

«ሕጉን ታውቀዋለህ። ካልጣመህ ተዋጋ።»

አስናቀ ተዋጋ። ግስላው የሚባል ተዋጊ ነበረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲስለው፣ ሲያሳድገው፣ ትጥቅ ሲጨምርለት የኖረ፣ በጌሙ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚወደው። እሱን ላከው። ግስላው ጦሩን ከኋላ እየጨፈጨፈ በሩ ድረስ ዘለቀ፤ አባ ሰንጥቅ በዘርፌ ላይ የሰነዘረውን ሰይፍ በደረቱ ተቀበለው። ወደቀ። ሞቱ ተመዘገበ። የአስናቀ ዓይን እንባ ሞላ፤ እጁን ግን ከኪቦርዱ አላነሣም።

አባ ሰንጥቅ ሰይፉን ከሬሳው ነቅሎ እንደገና አነሣ። ቀዩ መስመር የክር ያህል ቀርቷል። ሰይፉ መውረድ ሲጀምር ትርሲት ተወርውራ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጨለመ።

«ምን አደረግሽ? ሕጉን አፈረስሽ!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው።

«ምን ሰረዝኩ? መብራት ሄደ።»

«መብራቱን የወሰድሽው አንቺ!»

«በሌላ ቀን ሲሄድ ማንን ትከሳለህ?»

ኮምፒዩተሩ በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ትርሲት ለጌሙ ስትደክምበት የዋለችው፣ ገና ያላስቀመጠችው ዝናብና ነፋስ በሙሉ በዚያ ቅጽበት ጠፋ፤ ይህን እያወቀች ነው የነቀለችው። መልሰው ሲከፍቱት ግስላው ሞቷል፤ ሞቱ ተመዝግቧልና። ውጊያውን ጌሙ ራሱ በየቅጽበቱ ስለሚያስቀምጥ፣ ዘርፌ ግን በአንድ ትንፋሽ ቆማለች፤ ደሟ ይንጠባጠባል፤ የአባ ሰንጥቅ ሰይፍ በአየር ላይ ነው። ጌሙም እንዲቀጥል አንድ ትእዛዝ ይጠብቃል። አንድ ሰው ዕጣዋን የሚወስን አንድ መስመር ይጽፋል፤ በዚያው ያልቃል።

ወንድይፍራው «እኔ ወለድኳት፤ ሞቷም የእኔ ነው። ሞቷን ከወሰዳችሁባት ትርጉሟን ወሰዳችሁባት» አለ። በሩ ላይ እንድትወድቅ ይፈልጋል።

አስናቀ «ወላጅ የሚባለው የሚሞትላት ነው። እኔ ግስላውን ከፈልኩ» አለ። አባ ሰንጥቅን ገድላ በዙፋኑ እንድትቀመጥ ይፈልጋል።

ትርሲት ደግሞ «ወንዴ፣ አንተ ገደልካት፤ አስናቀ፣ አንተም አላዳንካትም። አሁን የምትተነፍሰው በእኔ እጅ ነው» አለች። ሰይፏን ጥላ፣ እያነከሰች፣ ማንም ወደማያገኛት አገር እንድትሄድ ትፈልጋለች።

ከሦስቱ አንዱ ያለ ሌሎቹ ፈቃድ ከጻፈ ሕጉ ይፈርሳል፤ ሕጉ ከፈረሰ ደሙ ከጌሙ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ማንም ኪቦርዱን አልነካም፤ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ፤ ከባድ አይደለም፤ ኮምፒዩተር ባይኖራችሁ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አንድ በር ሥሩ። በሩ ላይ የምትወዱትን ሰው አቁሙ። ጠላት ላኩበት፤ ሁለት ጓደኞቻችሁንም ከጎናችሁ አስቀምጡ። ሰይፉ ከራሱ በላይ ሲነሣ ቆም በሉና ተጠያየቁ፦ ያቺን የመጨረሻ መስመር መጻፍ የሚገባው ማን ነው? የፈጠራት፣ የከፈለላት ወይስ ያተረፈቻት?