ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስም

አፋር ክልል፣ ሎግያ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም በወጣ የሥራ ፈቃድ ሱቅ ሊከፍት ሲነሣ ሽማግሌዎች አንዲት ተረትና ምሳሌ ጣል ያደርጉለታል። ለሰሚው ቀልድ ትመስላለች። ከቀልድ ግን አልመጣችም፤ የመጣችው ከአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ የሆስፒታል አልጋ ነው።

ጠጋኙ አሰግድ ይባላል። ከደጋ የወረደ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሙያውን ያስተማረው የለም፤ ጆሮውን ኮምፕሬሰሩ ላይ ለጥፎ እያዳመጠ ነው የለመደው። ፍሪጅም ሆነ ኤሲ እጁ ገብቶ ሳይነሣ የቀረ ጥቂት ነው። ብቻ ፈቃድ የለውም። ፈቃድ ለማውጣት የብቃት ምዘና መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከልጆች መሃል ተቀምጦ በወረቀት መጠየቁን ገና ሲያስበው ያልበዋል።

ይህን የሚያውቅ ወንዳፍራሽ የሚባል የሥራ ባልደረባው ሞጆ ፋብሪካ ሲቀጠር፣ “ምን አስጨነቀህ? የኔን ፈቃድ ስቀለው፤ እያሳደስክ ሥራበት። ማን ነህ ሲሉህ ወንዳፍራሽ ነኝ በል፤ አለቀ” አለው። አሰግድም ፈጣሪውን ሳያማክር እሺ አለ።

ፈቃዱ እንደ ደንቡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ፎቶውን ልብ ብሎ ያየ የለም፤ ሰው የሚያነበው ስም ነው። የገባው ሁሉ ወንዳፍራሽ ይለው ጀመር። እድር ሲገባ በዚያው ስም ተመዘገበ፤ የአደጋ መድኑንም በፈቃዱ ስም ገባ። ስምንት ዓመት ሞላ። ሲመሰገን ወንዳፍራሽ ይመሰገናል፤ ሠርግ ሲጠራ ወንዳፍራሽ ይጠራል። አሰግድ የሚለውን ስም የሚያነሣው ራሱ ብቻ ነበር፤ ያውም ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ፣ “አሰግድን አስበው” ሲል።

አንድ ቀን ከከተማው ዳር አዲስ እንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ላይ ኤሲ ሲያስር ወደቀ። እግሩም ስልኩም ተሰበሩ። የማያውቁት ሾፌሮች አንሥተው ሆስፒታል አደረሱት። ኪሱ የተገኘው መታወቂያ አሰግድ ስለሚል አሰግድ ተብሎ ተመዘገበ።

ሎግያ ወሬውን ሰማ። ወንዳፍራሽ ወደቀ ተባለና ሰው ብርቱካንና ወተት ይዞ ጎረፈ። አሰግድ አልጋው ላይ ሆኖ በበሩ በኩል ይሰማቸዋል። ወንዳፍራሽን ነበር ይላሉ፤ ነርሷ መዝገቧን አይታ እንዲህ የሚባል የለም ትላለች። ልጣራ ይልና፣ ምን ብሎ ይጣራ? ወንዳፍራሽ ነኝ ቢል መታወቂያው ያጋልጠዋል። አሰግድ ነኝ ቢል እንጀራ የበላበት ሱቅ ይታሸጋል። ድምፃቸው በኮሪደሩ እስኪርቅ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን የሕክምናው ወጪ ጨነቀውና ለመድን ድርጅቱ አስደወለ። የመጣችው ሴት ውሉን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ ወደ ውጭ ወጥታ ስልክ ደውላ ተመለሰች።

“የኔ ወንድም፣ አቶ ወንዳፍራሽን አሁን ሞጆ አግኝቻቸው ነበር” አለችው በትሕትና። “ደህና ናቸው። ስለጠየቅናቸው አመስግነዋል።”

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ሐጂ ያዮ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሐጂ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ መዝገብ አልጠየቁም። አልጋ ላልጋ እየዞሩ ፊት አዩ።

“አንተ ሰውዬ” አሉ ሲያገኙት፣ “እኛ እኮ ወደ ሬሳ ክፍል ልንዞር ነበር።”

አሰግድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሁሉን ነገራቸው። መጨረሻ ላይም እንዲህ አለ፤ “ሐጂ፣ ስትፈልጉኝ እየሰማሁ ነው ዝም ያልኩት።”

ሐጂ ያመጡትን የግመል ወተት ከፍተው እስኪጠጣ ጠበቁት።

“ስምህን ማን አልከኝ?”

“አሰግድ።”

“አሰግድ” አሉ ቀስ ብለው። “በል እግርህ ሲድን ምዘናውን ትቀመጣለህ። አብሬህ እሄዳለሁ።”

ከደጅ የሚጠብቁት የእድሩ ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አታሎናል፣ ከእድሩ ይሰረዝ ያለም ነበር። ሐጂ ግን ዱላቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸውና እንዲህ አሉ፦ “ተዉት፣ ቅጣቱን ጨርሷል፤ በሰው ስም የቆመ፣ ብቻውን ታመመ።”