አልነሳም ያሉት የወረቀት ሽማግሌ

ተረት ይዣለሁ፤ እናንተ «እህ» በሉኝ፣ እኔ ልቀጥል።

ደሴ ውስጥ ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። አኒሜሽን ትማራለች፤ ሥዕል ማንቀሳቀስ ማለት ነው። አንዱን ሰው በብዙ ወረቀት ላይ ትንሽ ትንሽ እየለዋወጡ ይስሉታል፤ ወረቀቱን በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ ሲገልጡት ሰውየው ነፍስ ይዘራል። ምንታምር ከዝግ በር ፊት ለፊት፣ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሥላለች። ብድግ እንዲሉላት ትፈልጋለች። ምኞቷ ይኸው ነው።

ይኸው ነው አልኩ እንጂ፣ አባቷን ረሳኋቸው። አቶ ደርበው ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲቀመጡም ሲነሱም ያቃስታሉ። ሥዕል የሕፃን ጨዋታ ነው ብለው ቆርጠዋል። «ቅዳሜ ወላጆች ተጠርተን ሥራችሁን እናይ የለ? ያንቺ ሰውዬ ካልተነሳ፣ አንቺ ከትምህርቱ ተነስተሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» አሏት። ሚስማር እየመዘኑ መኖር ደግሞ ለምንታምር ሞቷ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሥራዋን ለመምህር ይታገሱ አሳየቻቸው። ሽማግሌውን መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው፣ መጨረሻ ላይ ቆመው ሥላለች፤ በመሃል ያሉትን ወረቀቶች ደግሞ እሳቸውኑ በቀጥታ ወደ ላይ ከፍ ከፍ እያደረገች ሞልታቸዋለች። ወረቀቱ ሲገለጥ ሽማግሌው ደርቀው እንደተቀመጡ ወደ ላይ ሄዱ። መምህር ይታገሱን ሳቅ አመለጣቸው።

«እኚህ ሰውዬ ተነሱ ወይስ በገመድ ተሳቡ? በይ ለምን እንደማይነሱ ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ቤቷ ገብታ ጠየቀቻቸው፤ ምን ታድርግ፣ መምህር አዘዋታል።

«አባባ፣ ይነሱልኝ እንጂ!»

«አልነሳም፣ ልጄ» አሉ የወረቀቱ ሽማግሌ። «ጉልበቴ እንቢ ብሏል።»

«ጉልበት፣ ጉልበት፣ ተዘርጋ! አባባ አልነሳም አሉ።»

«አልዘረጋም» አለ ጉልበት። «እጅ ሳይጫነኝ ምን በወጣኝ!»

«እጅ፣ እጅ፣ ተጫን! ጉልበት አልዘረጋም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ።»

«አልጫንም» አለ እጅ። «ጀርባ ካልጎነበሰ ጉልበት ጋ አልደርስም።»

«ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጎንበስ በል! እጅ አልጫንም አለ፣ ጉልበት አልዘረጋም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ።»

ጀርባ ኩራተኛ ነው። «ወደ ላይ ለመሄድ ወደ ታች? ማን ሞኝ አለ! አልጎነበስም። መጀመሪያ ራስ ዝቅ ይበልና እኔ እከተላለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ምንታምርም የምታስበው እንደ ጀርባ ነበር። ቢሆንም ጠየቀች።

«ራስ፣ ራስ፣ ዝቅ በል! ጀርባ አልጎነበስም አለ፣ እጅ አልጫንም አለ፣ ጉልበት አልዘረጋም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ።»

«ዝቅ አልልም» አለ ራስ። «ዓይን ምንም ሳያይ ለማን ብዬ?»

ላጲስ አለቀባት፤ ትዕግሥቷም ላጲሱን ተከተለ።

«ዓይን፣ ዓይን፣ እይ! ራስ ዝቅ አልልም አለ፣ ጀርባ አልጎነበስም አለ፣ እጅ አልጫንም አለ፣ ጉልበት አልዘረጋም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ።»

«ምኑን ልይ?» አለ ዓይን። «በሩ ዝግ ነው። አላይም!»

«በር፣ በር፣ ተከፈት! ዓይን አላይም አለ፣ ራስ ዝቅ አልልም አለ፣ ጀርባ አልጎነበስም አለ፣ እጅ አልጫንም አለ፣ ጉልበት አልዘረጋም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ።»

በር ሳቀባት። «ማን መጣና ልከፈት? አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ሳትስዪ ሽማግሌ ታስነሻለሽ?»

ምንታምር ክው አለች። ያን ሁሉ ወረቀት ስትጨርስ እንግዳ አልሣለችም። ሽማግሌውን ተነሱ ትላለች፣ ለማን እንደሚነሱ ግን እሷም አታውቅም። ሆድ ባሳት፤ ሚስማሩ ታያት።

እርሳሷን ነክሳ ስትተክዝ የእውነቱ በር ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ አበራሽ ወንፊት ሊመልሱ መጡ፤ በዕድሜ የአቶ ደርበው ታላቅ ናቸው። አቶ ደርበው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ምንታምርም አፍጥጣ አየቻቸው።

ዓይናቸው በሩን አየ። ራሳቸው ዝቅ አለ። ጀርባቸው ጎነበሰ። እጃቸው ጉልበታቸውን ተጫነ። ጉልበታቸው እያቃሰተ ተዘረጋ።

«ኖር!» አሉ ብድግ ብለው።

«በእግዜር! ኧረ አይነሱብኝ፣ በሞቴ!» አሉ እትዬ አበራሽ፣ ወንፊቱን እንደያዙ።

ጉድ እኮ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ስታይ የኖረችው ነገር ነው፤ ልብ አላለችውም እንጂ። ሰው ሊነሳ ሲል መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ የሚነሳለት ሰው ሲመጣ ነው።

ዓርብን ሙሉ ስትስል ዋለች። መጀመሪያ እንግዳ ሣለች፤ ነጠላ የለበሱ፣ ወንፊት የያዙ እናት። እንግዳ በሩን ገፉ፣ በር ተከፈተ። በር ተከፈተ፣ ዓይን አየ። ዓይን አየ፣ ራስ ዝቅ አለ። ራስ ዝቅ አለ፣ ጀርባ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ጎነበሰ። ጀርባ ጎነበሰ፣ እጅ ተጫነ። እጅ ተጫነ፣ ጉልበት ተዘረጋ። ጉልበት ተዘረጋና አባባ ብድግ አሉ!

ምንታምር ብቻዋን አጨበጨበች።

ቅዳሜ አዳራሹ በወላጅ ሞላ። አቶ ደርበው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን አጣምረዋል፤ ፊታቸው ዛሬ ሱቁን የዘጋሁበት ሥራ ይህ ነው ወይ የሚል ነው። መብራቱ ጠፍቶ የተማሪዎቹ ሥዕል በፊልም ማሳያ ግድግዳው ላይ በራ። ግድግዳው ላይ የምንታምር በር ተከፈተ፤ ወንፊት የያዙት እናት ገቡ።

ልማድ ክፉ ነው መቼስ። የአቶ ደርበው ዓይን አየ። ራሳቸው ዝቅ አለ። ጀርባቸው ጎነበሰ። እጃቸው ጉልበታቸውን ተጫነ። ጉልበታቸው ተዘረጋ።

«ኖር!» አሉ፣ ለወረቀት እንግዳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ግድግዳው ላይ ሽማግሌው ቆመዋል፤ ከፊታቸው አቶ ደርበው ቆመዋል። ሁለቱም አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አቶ ደርበው ያንን እጅ አዩት፣ የራሳቸውንም አዩት፣ ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን ፈለጉ።

«ምንታምር፣ እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

«አዎ፣ አባዬ» አለች። «በእግዜር። ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ» አሉ፣ ሳቃቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «አንቺ ግን ከትምህርትሽ እንዳትነሺ። ሚስማሩን እኔው እመዝነዋለሁ።»

ተረቴ አለቀ። የሰማችሁኝ ኖር በሉልኝ፤ እኔም በእግዜር ብዬ ልቀመጥ።