በር የሌለው ሱቅ

አንድ ጊዜ፣ በወንዝና በጫካ መካከል ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ የእንስሳት ገበያ ይቆም ነበር። ገበያው አንድ ሕግ ነበረው። ያወጣው አያ አንበሶ ነው። «በገበያ ሜዳ ጥርስ አይወጣም» ይላል ሕጉ። ስለዚህ በገበያ ቀን በግ ከነብር ጎን ቆማ ጨው ትመርጣለች፤ ጥንቸልም በዘንዶ ላይ ዘላ ታልፋለች። ማንም ማንንም አይበላም። ከሜዳው ከወጡ በኋላ ግን ሁሉም እግሩን ያምናል።

በገበያው ዳር እትዬ ዳልቻ የምትባል አህያ ጉልት ተቀምጣ ትቸረችር ነበር። አንዲት አሮጌ ጆንያ መሬት ላይ ታነጥፋለች። ጨውን በአንድ በኩል፣ ባቄላና ገብሱን በሌላ በኩል መደብ መደብ አድርጋ ትከምራለች። ገና ጡት ያልጣለው ውርንጭላዋ ከጆንያው ጫፍ ላይ ይተኛል። አባቱ ጭነት እንደሄደ ቀርቷል። እሷ ካልሸጠች አትበላም፤ እሷ ካልበላች ደግሞ ልጁ ጡት የለውም። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ እትዬ ዳልቻ ስትሰጋ ነው የምትውለው። ደመና ሲጠቁር «ጨዌ ሟሟ» ብላ ትሰጋለች። ልጇ ሲያስነጥስ ትሰጋለች፤ ዝም ብሎ ሲተኛ ደግሞ ይተነፍስ እንደሆነ ልታይ ጎንበስ ትላለች። ጆሮዎቿ አንድ ቀን አርፈው አያውቁም።

በአንድ ነገር ግን አትሰጋም፤ በእሱ ትኮራለች። በምራቂዋ። ሌላ ቦታ ገዢው «መርቂልኝ እንጂ! ኧረ ጨምሪ!» ብሎ መለመን አለበት። እትዬ ዳልቻ ዘንድ ልመና የለም። ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በኮቴዋ ዛቅ አድርጋ ከላይ ትጨምራለች። «ይቺ ደግሞ ለልጆችሽ» ትላለች። የአህያ ኮቴ መቼም ትንሽ አይደለም።

ከእሷ ጎን አያ ጅቦ ተቀምጦ አጥንት ይሸጥ ነበር። ጅብ አጥንት ሲሸጥ አስቡት! ገዢ እስኪመጣ ግማሹን ራሱ ቆርጥሞ ይጨርሰዋል። ቢሆንም ርካሽ ስለሆነ ገዢ አላጣም። ቀስ በቀስ ጨው ጨመረ፤ ገብስም ጨመረ። ሁሉንም ከሌላው አሳንሶ ይሸጥ ነበርና ገበያው ደራለት።

ይህን ያየችው እመት ቀበሮ አንድ ቀን ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ እንዳንተ ያለ ጌታ መሬት ላይ ይቀመጣል?»

«የት ልቀመጥ ታዲያ?»

«ዳስ ጣል እንጂ! ሰው... ይቅርታ፣ አውሬ ምን ይላል?»

አያ ጅቦ ዳስ ጣለ። ለዳሱ ወጪ ብሎ ዋጋ ጨመረ። ቀጥሎ «ግድግዳ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?» አለችው፤ ጭቃ አስመረገና ዋጋ ጨመረ። መደርደሪያ አሠራ፤ ዋጋ ጨመረ። ትልቅ በር ገጠመ፤ በሩ ላይ ከርከሮን ዘበኛ አድርጎ አቆመ፤ ለከርከሮውም ምሳ ዋጋ ጨመረ። ምራቂ የሚሉትን ነገርማ ረሳው። «እዚህ መደብር ነው፤ ጉልት መሰለሽ?» እያለ ገዢውን ያሳፍራል።

በመጨረሻ መደብሩ አማረ፤ ገዢው ግን ጠፋ። ሁሉም በመደብሩ ደጃፍ ያልፍና እያደነቀ፣ «ወይ ግድግዳ! ወይ በር!» እያለ፣ ሄዶ ከእትዬ ዳልቻ ይሸምታል።

አያ ጅቦ ተናደደ። «ምን ይሻለኛል?» አለ።

«እሷን ማስነሣት ነዋ» አለች ቀበሮ።

ተያይዘው አያ አንበሶ ዘንድ ሄዱ። እትዬ ዳልቻም ተጠራች። ልጇን በጎኗ አድርጋ ቆመች።

እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ጌታዬ» አለች፣ «ችርቻሮ ደረጃ ደረጃ አለው። ከሁሉ በታች ጦጣ አለ፤ ዕቃውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ሱቅ በደረቴ ይባላል። ከእሱ ከፍ ሲል ጉልት ነው። ከጉልት በላይ ኪዮስክ፣ ከኪዮስክ በላይ ሱቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያሻዎት ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር የሚገኝበት መደብር አለ። እሱም የአያ ጅቦ ነው። እንግዲህ ጉልት ሜዳ ነው፤ ሱቅ ግን ቤት ነው። ቤትና ሜዳ አንድ አይደለም። ገበያችን እንዲያድግ ሜዳው ለቤቱ ይልቀቅ።»

«ይልቀቅ!» አለ ጅብ። ምን እንደተባለ ግን በደንብ አልገባውም።

አያ አንበሶ ጢሙን ዳሰሰ። «ከወንዝ ማዶ ያለው አንበሳ ትልቅ መደብር አለው አሉ» አለ በቅናት። «አንቺስ ዳልቻ፣ ምን ትያለሽ?»

የእትዬ ዳልቻ ልጅ በአፍንጫው ሆዷን ጎሰም አደረጋት፤ ርቦታል። ያኔ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኔ ደረጃውን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሱቅ ማለት የጎደለበት መጥቶ ሞልቶለት የሚሄድበት ቦታ ነው። የኔ ግድግዳ የለውም። ግን ገዢ ከኔ ዘንድ አኩርፎ ሄዶ አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ። ያነሡኝ እንደሆነ ግን የዚህ ልጅ ጡት ይነጥፋል።»

አንበሳው አሰበ። «በሚቀጥለው ገበያ ራሴ መጥቼ አያለሁ» አለ። «ገዢ የበዛበት እሱ ሱቅ ነው። ሌላው ይነሣል።»

እትዬ ዳልቻ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ባሉም የለኝ» እያለች በልቧ ታጉረመርም ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። ገና ከማለዳው እመት ቀበሮ ሜዳውን እየዞረች ትጮኻለች። «ዛሬ በአያ ጅቦ መደብር ጨው በነፃ! በነፃ! በተለይ ለበጎች!»

ጨው በነፃ ሲባል ማን ይቀራል? በጎቹ እየተጋፉ ጎረፉ። የእትዬ ዳልቻ የዘወትር ደንበኛ፣ አሮጊቷ እማማ በጊቱ እንኳ አልቀረችም። በጉልቱ በኩል ስታልፍ ዓይኗን ሰበረች።

«እንግዲህ አትቀየሚኝ ልጄ። ነፃ ነው አሉ። የልጅ ልጆቼ ጨው ካዩ ሰነበቱ።»

«ምን በወጣሽ እማማ! እኔም ብሆን እሄድ ነበር» አለች እትዬ ዳልቻ። ከዚያ ጆሮዋ ቆመና፣ «ብቻ እማማ፣ ከበሩ አጠገብ ሁኚ» አለቻት። ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም። መስጋት ልማዷ ነው።

አያ አንበሶ መጣ። መደብሩን ከውጭ አየው፤ በበግ ጢም ብሏል። ወደ ጉልቱ ሄደ። አንዲት ኤሊ ብቻ ናት፤ እሷም ከትናንት ጀምራ ስትጓዝ አሁን መድረሷ ነው።

«እንግዲህ ዳልቻ፣ አየሁ» አለ አንበሳው። «ጆንያሽን ጠቅልይ።»

እትዬ ዳልቻ ባቄላውን ሰበሰበች። ጨውን ሰበሰበች። ልጇን ከጆንያው ላይ እንዳይነቃ ቀስ አድርጋ ገፋችው። እንባዋ ጨው ላይ ጠብ አለ።

በዚያው ሰዓት በመደብሩ ውስጥ አያ ጅቦ ቆሞ ነበር። ሊያስተናግድ ነበር የቆመው። ግን በየት ቢዞር ላት ነው። ከፊቱ የሰባ ላት፣ ከኋላው የሰባ ላት፣ መደርደሪያው ሥር የሚወዛወዝ ላት። ምራቁ ጭቃው ላይ ተንጠባጠበ። ቀበሮ፣ «አንበሳው እስኪሄድ ታገሥ፣ አደራህን!» ብላው ነበር። ጅብና ትዕግሥት! በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

«ምእእእ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንበሳው።

«ደስ ብሏቸው ነው ጌታዬ!» አለች አብራው የመጣችው ቀበሮ ፈጠን ብላ። «ለጨው ምስጋና እያቀረቡ ነው።»

የእትዬ ዳልቻ ጆሮ ግን ስንት ሌሊት የልጅ ትንፋሽ ያዳመጠ ጆሮ ነው። «ይህ ምስጋና አይደለም!» አለች። ልጇን ለኤሊዋ አደራ ሰጥታ ሮጠች። የምትሮጠው ወደ ጅብ ነው፤ አህያ ሆና ወደ ጅብ!

በሩ ላይ ከርከሮው ተገትሯል። «ተዘግቷል። ለሌላ ገበያ ተመለሺ» አላት።

እሷ ወደ ጓሮ ዞረች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፤ የፊት እግሮቿን ተከለች። «ማርያም ማርያም» አለችና በሁለት ኮቴዋ ነረተችው። ጭቃው ተሰነጠቀ። ደገመችው። ግድግዳው ከነመደርደሪያው ዘጭ አለ። በጎቹ በቀዳዳው እንደ ጎርፍ ወጡ። በመጨረሻም እማማ በጊቱ ወጣች፤ ከላቷ ላይ ፀጉር ተነጭቶ ነበር። ፀጉሩ የት እንዳለ ለማወቅ የጅብን አፍ ማየት ይበቃ ነበር።

ተከትሏት የደረሰው አያ አንበሶ አገሳ። «አንተ! በገበያ ሜዳ ጥርስ አይወጣም አላልኩም?»

አያ ጅቦ ፀጉሩን ተፋና ደረቱን ነፋ። «ብለዋል ጌታዬ። ግን ይሄ ሜዳ ነው? ሱቅ ቤት ነው፣ ቤትና ሜዳ አንድ አይደለም ተብሎ እኮ እርስዎ ፊት ተነግሯል! ሕጉ የሜዳ ነው። እኔ ቤቴ ነኝ!»

ኤሊዋ ከጉልቱ ሆና መሳቅ ጀመረች። ከእሷ ወደ ጥንቸል፣ ከጥንቸል ወደ ነብር፣ ሳቁ ሜዳውን አጥለቀለቀው። አያ አንበሶ ብቻ አልሳቀም። አፍሮ ነበር።

«ሱቅ ይሄ ከሆነ ወጥመድ ምን ሊባል ነው?» አለ። «እኔ ዛሬ የቆጠርኩት ገዢ አልነበረም፤ የገባ ሁሉ ገዢ መስሎኝ ነው። ጅቦ፣ ከዚህ ገበያ ውጣ! ቤቱ የዳልቻ ነው።»

ቀበሮስ? ቀበሮማ እትዬ ዳልቻ አጠገብ ደርሳለች። «እኔ ድሮም ጉልት የሱቅ ሁሉ እናት ናት እል ነበር» ትላለች።

እትዬ ዳልቻ ቀና ብላ ገባች። ጣራውን አየች፤ ለዝናብ ጥሩ ነው ብላ ተወችው። ከመደርደሪያው የተረፈውን ለጨው አደረገችው። በሩን ግን ነቅላ ጣለችው፤ የፈረሰውንም ግድግዳ አላስመረገችም። ምራቂዋንም እንደ ድሮው በኮቴዋ ትዝቃለች። ዋጋዋን ከፍ አላደረገችም፤ የምታበላው ዘበኛ የላትማ! ውርንጭላውም ጠግቦ ጠብቶ አደገ። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር «ያ በር የሌለው ሱቅ የት ነው?» እያሉ ይመጡ ጀመር።

ዘመን አለፈ። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ዶሮ መጥታ በሱቁ ጎን አንድ የኮባ ቅጠል አነጠፈች። ጥቂት ሰሊጥ መደብ መደብ አድርጋ ከመረች። ጫጩቶቿ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተኙ። ዋጋዋ ከሱቁ ሰሊጥ ያነሰ ነበርና አንድ ሁለት በግ ወደ እሷ ዞር አለ።

የእትዬ ዳልቻ ጆሮ ቆመ። ያ የድሮ ስጋት ተመለሰባት። እመት ቀበሮም ከየት መጣች ሳይባል ጆሮዋ ሥር ነበረች።

«እትዬ ዳልቻ፣ እንዳንቺ ያለች እመቤት ደጃፍ ላይ ዶሮ ትቀመጣለች? አስነሺያት እንጂ!»

እትዬ ዳልቻ የተኙትን ጫጩቶች አየች። ተነሥታ ወደ ዶሮዋ ሄደች። ዶሮዋ ኮቴውን ስታይ ደንግጣ ቅጠሏን መጠቅለል ጀመረች።

«አሁን እነሣለሁ እትዬ፤ ልጆቼን ብቻ ልቀስቅስ...»

«ተቀመጪ» አለቻት። «አንድ መደብ ሰሊጥ ስጪኝ።»

ዶሮዋ ሰፈረችላት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና በመንቁሯ ጥቂት ፍሬ ለቅማ ከላይ ጨመረችበት።

እትዬ ዳልቻ ያቺን ምራቂ አየች። ወደ ሱቋ ተመልሳ ከመደርደሪያው ሥር አጥፋ ያስቀመጠቻትን አሮጌ ጆንያ አመጣች፤ በኮባው ቅጠል ፈንታ ዘረጋችላት።

«ቅጠል ይቀደዳል ልጄ፤ ይቺ አሳድጋኛለች» አለቻት። ወደ ቀበሮም ዞር ብላ፣ «አንቺስ? የምትገዢው ከሌለ ለገዢ መንገድ ልቀቂ» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው ሱቅን ሱቅ የሚያሰኘው ግድግዳውና በሩ ሳይሆን ገዢውን የሚያከብር እጅ መሆኑን፣ ከመሬት ተነሥቶ ያደገም ዛሬ መሬት ላይ የተቀመጠውን መናቅ እንደሌለበት ነው።