ለፊልሙ የተጠራችው አልቃሽ

እስቲ ስሙኝ ልጆቼ። ባለጸጋው አቶ ደምመላሽ አገር ያስለቀሰውን መጽሐፍ፣ ኮከብ ላይ ወጥታ የምትሞተውን ልጅ ታሪክ፣ ፊልም አደረጉት። ብራቸውን ሁሉ የጠፈር መንኮራኩሩ ላይ አፈሰሱ። ተመልካቹ ግን ያዛጋል እንጂ ማን ያልቅስ! ሌላውን እንድታስለቅስ ብለው አንዲት የለቅሶ ቤት አልቃሽ አስጠሩ። አዳራሽ ውስጥ ከተመልካቹ ጋር አስቀምጠው ፊልሙን አሳዩአት። ልጅቱ ሞተች፤ አልቃሿ ዝም።

አቶ ደምመላሽ መብራት አስበርተው፣ «አሁኑኑ አልቅሺ! አለዚያ ሁለተኛ ለቅሶ ቤት እንዳትጠሪ አደርግሻለሁ!» ብለው ጮኹባት።

«ጌታዬ፣ አልቃሽ የሟችን ነገር ሳትሰማ አታለቅስም። እርስዎ መንኮራኩሩን ሲያሳዩኝ አመሹ፤ ልጅቱን ያየኋት ስትሞት ነው። ግድ ካሉኝ ሲያልቅ ላየሁት ላልቅስ» አለችና ደረቷን እየመታች፣ «ወይኔ ብሩ! ወይኔ ያ ሁሉ ብር!» ብላ ሙሾውን አወረደችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከልባቸው ያለቀሱት አቶ ደምመላሽ ብቻ ነበሩ።