ቀስ ብሎ የሚሟሟ ኖራ

ትርሲት የምትባል አንዲት ሴት በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ኖራ የጫነ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ኖራው የሚሄደው አፈሩ ወደ ኮመጠጠ አገር ነው። እዚያ ገብስ ይበቅልና ዘለላ ሳይዝ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን መሬት ኖራ ያድነዋል፤ ኖራው ደህና ከሆነ። ደህና ነው ወይስ አፈር የተቀላቀለበት? ይህን የምትመልሰው እሷ ናት።

የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ ሽባባው ከመኪናው ወርደው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ ደመናው እየመጣ ነው። ዛሬ ‘ጥሩ ነው’ ካላልሽን ኖራው ይመለሳል፤ ዘራችንም እዚያው ኮምጣጣ መሬት ላይ ይወድቃል።”

“ይቀመጡ አባቴ። ኖራው ራሱ ይናገራል።”

“ድንጋይ ከተናገረማ እሰየው! እኛ ቀበሌ ሊቀመንበሩም አይናገርም።”

የኖራውን ዱቄት መዝና ውሃ ውስጥ ጨመረች። ቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ ስታክልበት ውሃው ሮዝ ሆነ። ከዚያም መስመር ከተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ጥንካሬው የታወቀ አሲድ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ሮዙ ሲጠፋ ኖራው አቅሙን ጨረሰ ማለት ነው። ብዙ አሲድ ከወሰደ ጥሩ ኖራ ነው፤ ጥቂት ከወሰደ ግን ዋጋ የለውም።

ሮዙ በጥቂት ጠብታ ጠፋ። ከሌላ ጆንያ ወስዳ ደገመችው። አሁንም ወዲያው ጠፋ።

“አዝናለሁ አባቴ። አብዛኛው አፈር ነው።”

አቶ ሽባባው ኮፍያቸውን አወለቁ። “ለሰዎቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?” ብቻ አሉ።

ይህን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ልሳነወርቅ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

“ትርሲት፣ ነይ እስቲ እዪው።”

ሮዙ ተመልሶ ነበር።

“ጠፍቶ ነበር እኮ ጋሼ!”

“የሟሟው ነው ያለቀው። ያልሟሟው ይኸውልሽ፣ ከታች ተኝቷል። በጠብታ ጠየቅሽው፣ የጠብታ ያህል መለሰልሽ። ድንጋይ እኮ ነው! ይልቅ ከሚበቃው በላይ አሲድ ለክተሽ አፍስሺበት። አሙቂው። ጠብቂው። ከዚያ የተረፈውን ለኪ።”

እንዳሏት አደረገች። ዱቄቱ አረፋ ደፍቆ ተንጫጫ። ጠበቀች። በመጨረሻ ጸጥ አለ፤ ከታች ቁንጥር አሸዋ ብቻ ቀረ። የተረፈውን አሲድ በሌላ ፈሳሽ ለካችና ካፈሰሰችው ላይ ቀነሰችው። የተረፈው ጥቂት ነበር። ሌላውን ሁሉ ኖራው ወስዶታል።

“አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቸኩዬ ነው። ኖራው በጣም ጥሩ ነው።”

“ተመስገን! እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ስረግመው! በይ እሱንም ይቅርታ ልጠይቀው” ብለው እየሳቁ ወደ መኪናው ሮጡ።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር እኛን በጠብታ ቢለካን ኖሮ ማናችን እናልፍ ነበር? ስንት ምክር ሰምተን ዝም አልን? ስንት ምሕረት ተቀብለን እንደነበርን ቀረን? “እሱ? እሱ እኮ አፈር ነው” ያሉን ሰዎች አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ገና አልሟሟንም ነበር።

እግዚአብሔር ግን ምሕረቱን አፈሰሰ። አፈሰሰና ጠበቀን። ልብ በሉ፤ ብዙ ሰጠ ማለት ሳይለካ ሰጠ ማለት አይደለም። ያቺ ሴት ምን ያህል እንዳፈሰሰች ታውቃለች። እሱም ያውቃል።

በማን እጅ አፈሰሰላችሁ? እስቲ አስቡ። ያልገባችሁን ትምህርት፣ ሌላው ተማሪ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብላ ያስረዳች መምህርት አልነበረችም? ሰክራችሁ ስትመጡ በሩን የሚከፍት፣ ጠዋት ደግሞ ለማንም የማይናገር ወንድም አልነበረም? መልስ ሳትሰጧት ስልክ መደወል ያልተወች አክስት የለችም?

ብዙዎቹ እስከ ዛሬ “በከንቱ ደከምኩ” ይላሉ። የሰጡትን ያውቃሉ፤ እናንተ ውስጥ የሠራውን ግን አላዩም። ማን ይንገራቸው? ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ቤታችሁ አትግቡ። በአንዱ ደጅ እለፉ። አንኳኩና “ያኔ የሰጡኝ አልባከነም፤ ይህንኑ ልነግርዎ መጣሁ” በሉ። ከዚህ ዓለም አልፈው እንደሆነ ደግሞ ልጆቻቸው አሉ። ለእነሱ ንገሯቸው።