እስከ እናት ደጅ የሚያደርስ ጉልበት

ሰው ነገሩን ሁሉ ባንድ ጀንበር ልጨርስ ሲል ትልልቆቹ ቶሎ የሚወረውሯት አባባል አለች። ዝም ብላ ካፍ የወጣች እንዳትመስላችሁ፤ አንዲት ልጅ በናቷ ናፍቆት ተንገብግባ ያመጣቻት ናት።

ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞላለት ነጋዴ ነውና ከተዳረች ወዲህ ወፍጮ ፊት ተንበርክካ አታውቅም፤ ውሃውንም እንጨቱንም ሌላ ያመጣላታል። ቅቤው፣ ጮማው፣ ጠጁ ሲደራረብ ሰውነቷ እንደ ጎታ ሞላ። ሰዉ "አማረባት" ይላል። እሷም ደስ ይላት ነበር፣ እናቷ እስኪልኩባት ድረስ። እናቷ እማሆይ አጸደ መንኩሰው አምባ ላይ ይኖራሉ፤ እግራቸው ከድቷቸው መውረድ አይችሉም። "ዓይኔ ሳይጠፋ ልያት" ብለው ላኩ።

አምባው በቅሎ አያስወጣም፤ ገደሉን እየቧጠጡ በእግር ነው። ማንጠግቦሽ ጥቂት እንደወጣች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ቁጭ አለች። የአምባው በር ጠባቂ አባ ዘውገ አይተው፣

"ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ አትወጪም" አሏት።

"ምን ተሸከምኩ አባ? ባዶ እጄን ነኝ እኮ!"

"ራስሽን ነዋ!"

አለቀሰች። አባም ለዘብ ብለው፣ "ዱቄትሽን ራስሽ ፍጪ። ውሃሽን ራስሽ ቅጂ፤ መጀመሪያ በትንሹ እንስራ፣ ኋላ በትልቁ። ቅቤውን ተይና ጎመንና ምስር ብዪ። አዝመራው ሲሰበሰብ ትወጫለሽ" አሏት።

"እስከ አዝመራ? እናቴ አርጅታለች እኮ!"

አልሰማቻቸውም። ቤቷ ገብታ እህል የሚባል ነገር ካፏ አላስገባ አለች። ኮሶ ጠጣች፣ ደግማ ጠጣች። እውነትም ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቀሚሱ ሰፋት። ግን ጉልበቷም አብሮ ሄደ። ገደሉ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ጨለመባትና በቃሬዛ ወደ ቤቷ መለሷት። ከዚያማ ረኀቡ ተበቀላት፤ ያገኘችውን ስትበላ ከርማ ከድሮዋም በለጠች።

እናቷ ግን ከልቧ አልጠፉም። አንድ ማለዳ ፈጪዋን "ዞር በይልኝ" አለችና ወፍጮው ፊት ተንበረከከች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ እጇ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤት ሳቀባት።

"ባልሽ ከሰረ እንዴ?"

"የከሰርኩስ እኔ ነኝ" አለች፣ መጁን ሳትለቅ።

እንስራው ተከተለ፤ የገብስ ቂጣው፣ ጎመኑ፣ ምስሩ ተከተለ። ሰንበት ሰንበት አባ ዘውገን አስከትላ ገደሉን ትሞክራለች፤ አቅሟ እስከቻለ ወጥታ ትመለሳለች። መጀመሪያ ወይራው ድረስ፣ ኋላ ዋሻው ድረስ። እናትየዋም አምባው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ። ከሩቅ ነጥብ ነበሩ። ከዚያ ቆባቸው ተለየ። ከዚያ ሲስሉ ተሰማ። ማንጠግቦሽ ያንን ሳል ይዛ ቤቷ ትገባና ሳምንቱን ሙሉ ስትፈጭ ትሰነብታለች።

በዓመቱ አዝመራው ሲሰበሰብ ባንዱ ሰንበት ፊታቸው ታያት። ጥርሳቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ያው የድሮው ነው። አላስቻላትም።

"እማዬ!" ብላ ሽቅብ ሮጠች።

"ኧረ ቀስ!" አሉ አባ።

ማን ሰምቷቸው! ከስታ ኖሮ መቀነቷ ላላ፤ እየሮጠች ሸብ አደረገችው። ብዙም ሳትራመድ ተፈቶ እግሯን ጠለፋት። በጉልበቷ ተደፋች፤ ከእግሯ ሥር የተነቀለው ድንጋይ እየተንከባለለ ገደል ገባ። አባ ዘውገ ከኋላ ቀሚሷን ጨምድደው ባይዟት እሷም ተከትላው ነበር።

እማሆይ አጸደ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰም። ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ እንዲህ አሏት፦

"ተቀመጪ ልጄ። ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁ እኔ፣ ትንፋሽሽ እስኪመለስ አልጠብቅሽም? መቀነትሽን ቆመሽ እሰሪና ቀስ ብለሽ ነይልኝ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"